የባቱ ሐይቅ ዳር

ለልጆች የሚሆን መናፈሻ መሥራት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ባቱ ቢወርድ እወዳለሁ። እዚያ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ጀልባ ሲጠጋ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየሰነጠቁ ያጸዳሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቁመታቸው ከሕፃን ሳያንስ፣ አንገታቸውን ቀብረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። የተጣለውን ሆድ ዕቃ ሲሻሙ ልጆች ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው በደስታ ይጮኻሉ። በመካከላቸው አጥር የለም። ልጁ ዓሣውን፣ ወፉንና የአጥማጁን ሥራ በአንድ ቦታ ያያል፤ ሽማግሌውም ሻይ ሻጯም እዚያው ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ በገንዘብ ብቻ አይሠራም።

ሌላ ከተማ ላይ ግን ነገሩ ይለያል፤ ለምሳሌ አዳማ እንደ ባቱ ሐይቅ የላትም። ፀሐይዋ ግን ብርቱ ናት፤ ነፋሷም በ2007 ዓ.ም. የተመረቀውን ባለ 153 ሜጋ ዋቱን የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ የሚያዞር ነው። ስለዚህ እዚያ ከዥዋዥዌው በፊት ግራሩ ይቅደም። ቀትር ላይ በጋለ ብረት ላይ የሚቀመጥ ልጅ የለም፤ እንደ ዣንጥላ በተዘረጋ ግራር ሥር ግን ልጅ ይሯሯጣል፣ እናት ታርፋለች፣ ወፍም ጎጆዋን ታንጠለጥላለች። ነባሩን ግራር ሳይቆርጡ ዙሪያውን መቀመጫ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ከልቤ አመሰግናለሁ። የባቱ ዳርም ሲለማ፣ የሰፈሩ ልጅ ትኬት ሳይቆርጥ እስከ ውኃው የሚደርስበት መንገድ ይተውለት።