ብዙ የተጓዘው ይሻላል

ጀርመን አገር ያገለገለ ሞተር ሳይክል ለመፈለግ ከኖቬምበር የተሻለ ወር የለም። እዚህ ብዙ ሰው የሚያወጣው የወቅት ሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳው ዳር ላይ 03 እና 10 ተጽፎ ከታየ፣ ያ ሞተር ሳይክል መንገድ ላይ መውጣት የሚፈቀድለት ከማርች እስከ ኦክቶበር ብቻ ነው ማለት ነው። ወቅቱ ሲዘጋ ባለቤቱ ብርዱን በሙሉ የት እንደሚያቆመው ማሰብ ይጀምራል፤ በፀደይ ሊሰማው ያልፈለገውን ዋጋም ይሰማል። ፀሐይ በወጣች ማግስት ያው ሞተር ሳይክል ይወደዳል፤ ሻጩም ተራ የሚጠብቁ ሌሎች ገዢዎች ስላሉት በደንብ ለማየት ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ወዳጆቼ በኤፕሪል ደውለው «ቶሎ ፈልግልን» ሲሉኝ፣ ብርዱ እስኪመለስ ታገሡ፣ እስከዚያ ማየት ተማሩ እላቸዋለሁ።

ሥራዬ ሞተር ሳይክል መጠገን ነው። ዓይኔን ይበልጥ የሳለው ግን ለሌላ ሰው ያገለገለ ሞተር ሳይክል መፈለግ ነው፤ በተለይም ሻንጣ ጭነው አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም እንዲሄዱ የሚሠሩትን፣ አድቬንቸር የሚባሉትን ረጃጅም ሞተር ሳይክሎች። ገበያው ዋጋቸውን የሚተምነው በሄዱት ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ደግሞ ብዙ ከሄደው ይልቅ ብዙ የቆመውን እፈራለሁ። ይህ ጽሑፍ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ነው።

እነዚህ ሞተር ሳይክሎች የተሠሩት ለመሄድ ነው። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1980 አር 80 ጂ/ኤስ የተባለውን ሲያወጣ 797 ሲሲ ሞተርና 50 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ1981 ሰሃራን ያቋርጥ የነበረውን የፓሪስ–ዳካርን ውድድር በቢኤምደብሊው ያሸነፈው ፈረንሳዊው ሁበርት ኦሪዮል የተወለደው አዲስ አበባ ነው። በ1983 ድሉን ደገመ፤ በ1992 ደግሞ በመኪና አሸነፈና በሁለቱም ለማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያማሃ በ1983 ቴኔሬን፣ ሆንዳ በ1988 አፍሪካ ትዊንን ያወጡት ያ ውድድር በቀሰቀሰው ፍላጎት ነው። ሰሃራን እንዲያቋርጥ የታሰበ ሞተር ዘይቱ በጊዜው እየተቀየረለት በአውሮፓ አስፋልት 100,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አልተጎዳም፤ የተሠራበትን ሥራ ሠራ እንጂ።

የቆመ ሞተር ሳይክል ግን ማንም ሳይነካው ይጎዳል። ሰልባትዮው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ቀስ በቀስ ይበላሻል፤ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ትቶም ፖምፓውንና መርጫውን ይደፍናል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፤ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ካልተቀየረ ውስጡን ያዝገዋል። ዘይት እንዳያፈስ የሚያግዱት ጎማዎች ይደርቃሉ፣ ባትሪው ይሞታል፣ ካቴናው ይዝጋል፣ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ይደርቃል። እነዚህ ሁሉ በማስታወቂያው ፎቶ ላይ አይታዩም። ፎቶው ላይ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ቀለምና ትንሽ ቁጥር ነው።

አንድ ወጣት ወንድማችን አብሬው እንድፈልግለት ጠይቆኝ ሁለት የቢኤምደብሊው አር 1150 ጂኤስ አይተናል። አንደኛው ማይንስ ከተማ ውስጥ ነበር፤ ኪሎ ሜትሩ 14,000፣ ቀለሙ አዲስ የመሰለ። የሰልባትዮውን ክዳን ስከፍት የወጣው ሽታ የቤንዚን ሽታ አልነበረም፤ የኮመጠጠ ነገር ነው የሸተተኝ። የፍሬኑ ዘይት ጠቁሯል። ጎማው ላይ ያሉት፣ የተመረተበትን ጊዜ የሚናገሩት አራት አኃዞች ሲነበቡ ደግሞ ጎማው ስምንት ዓመት ያለፈው ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ከካስል ወጣ ብላ ባለች መንደር ከአንድ ጡረተኛ እጅ ነበር። ልጁ ቁጥሩን አይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ጋሼ፣ 118,000 እኮ ነው የሚለው!» አለኝ። «ቁጥሩን ተወውና ሰውየው የያዘውን ደብተር ተመልከት» አልኩት።

ደብተሩ ባለካሬ የትምህርት ቤት ደብተር ነው። በእያንዳንዱ መስመር ቀን፣ ኪሎ ሜትርና የተሠራው ሥራ በእርሳስ ተጽፏል። ቫልቩ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ተስተካክሏል፤ ከየመስመሩም ጎን ክፍተቱ ስንት ሆኖ እንደተገኘና ስንት ተደርጎ እንደተተወ ሰፍሯል። ይህን ለሽያጭ ብሎ የሚጽፍ የለም። ቴስታታው ላይ ያሉት ብሎኖች ጠርዛቸው አልተበላም፤ ልኩ በሆነ ቁልፍ የሚፈታቸው ሰው እጅ ላይ ነው የኖሩት። የፍሬን ዘይት የተቀየረበት ቀን በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ክዳኑ ላይ ተለጥፏል። ልጁ ያንን ገዛ። ለአዲስ ጎማና ባትሪ ካወጣው በስተቀር ሌላ ወጪ አልጠየቀውም።

ከመፈተሹ በፊት ግን የሚቀድም ሥራ አለ፤ መንገድን መወሰን። ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው የሚመኘውን እንጂ የሚሄድበትን አይደለም። አር 1250 ጂኤስ አድቬንቸር ሰልባትዮው 30 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ ሞተር ሳይክሉ 268 ኪሎ ይመዝናል፤ ሻንጣና ተሳፋሪ ገና አልተጨመረበትም። ያማሃ ቴኔሬ 700 ከዚያ ላይ ስድሳ ኪሎ ያህል ይቀንሳል። አውቶባን ላይ ልዩነቱ አይሰማም። ጭቃ ላይ ወድቆ ብቻዎን ማንሳት ሲኖርብዎ ግን ከልዩነቱ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ስለዚህ ገዢውን ይዤ ስሄድ መጀመሪያ የማደርገው ሁለት እግሩ መሬት መንካቱን ማየትና ሞተር ሳይክሉን ጠፍቶ ሳለ ወደ ኋላ እንዲገፋው ማድረግ ነው። እሱን ካልቻለ ሌላ እንፈልጋለን። መንጃ ፈቃዱም ይታያል፤ ኤ2 የያዘ ሰው ከ35 ኪሎዋት በላይ መንዳት አይችልምና።

ከአውሮፓ ተነስተው በግብፅና በሱዳን አቋርጠው በመተማ አገር ቤት የመግባት ሕልም ያላቸው ወገኖችም ይጠይቁኛል። በሱዳን በ2023 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ያ መንገድ አስጊ ሆኗል። ሕልሙ ግን አልሞተም፤ ለእሱ የሚፈልግ ሰው ምርጫው ሌላ ነው። ኮምፒውተር ሳያስፈልግ የሚጠገን፣ ካቴናው በማንኛውም ጋራዥ የሚቀየር፣ ባለራጂ ቸርኬ ያለው ይሻለዋል። ራጂ ቢታጠፍ ይቀናል፤ የተሰነጠቀ የአልሙኒየም ቸርኬ ግን በመንገድ ላይ መፍትሔ የለውም።

አሁን ወደ ሻጩ ግቢ እንግባ። ከመሄዴ በፊት ደውዬ ሞተሩ እንዳይነሳ እለምናለሁ። ደርሼ መጀመሪያ የማደርገው መዳፌን ቴስታታው ላይ ማሳረፍ ነው። ከሞቀ፣ ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅ ወይም የሚያወጣውን ጭስ እንዳላይ የፈለገ ሰው አለ ማለት ነው። ጭስን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተዘረጉለት የቢኤምደብሊው ቦክሰር ሞተር በጎን መቆሚያው ዘንበል ብሎ ካደረ፣ በግራው ሲሊንደር ዘይት ስለሚያርፍ ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ቢያወጣ ደንብ ነው። ከሞቀ በኋላ ማጨሱን ከቀጠለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ መሪውን እስከ ጥጉ አዞራለሁ። መሪው እንዳያልፍ የሚያግድ ትንሽ ብረት ከሻንሲው ጋር ተሠርቷል። ያ ብረት ከተጨፈለቀ ወይም ከተሰበረ ሞተር ሳይክሉ በኃይል ተጋጭቷል፤ ፕላስቲኩ በአዲስ ቢተካም ይህን ብረት የሚያስታውስ ሻጭ እምብዛም አላየሁም። ከዚያ የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቼ መሪውን በሁለት ጣት ቀስ ብዬ ከግራ ወደ ቀኝ አንቀሳቅሳለሁ። መሐል ላይ ሲደርስ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ እንደገባ ቆም ካለ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል።

ራጂዎቹን በካቻቢቴ እጀታ አንድ በአንድ መታ መታ አደርጋለሁ። ጠበቅ ያለው ራጂ እንደተቃኘ የክራር ጅማት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የላላው ድምፁ ይታፈናል። አንድ ሁለቱ ከታፈኑ ይጠበቃሉ። ተከታታይ አምስት ስድስቱ ከታፈኑ ያ ቸርኬ ድንጋይ መትቷል፤ ጠርዙን በጣቴ ስዳብስም ብዙ ጊዜ የገባውን ቦታ አገኘዋለሁ። ካቴናውን ከኋላው ጥርስ ላይ ይዤ ወደ ኋላ እስባለሁ፤ ከጥርሱ ተነስቶ ብርሃን ካሳየ ጊዜው አብቅቷል። ካቴና በሌላቸውና ኃይሉን በካርዳን በሚያስተላልፉት ላይ ደግሞ የኋላውን ጎማ ከላይና ከታች ይዤ እገፋለሁ፣ እጎትታለሁ፤ ጠቅ ጠቅ ካለ የጥገናው ሒሳብ ትልቅ ነው። ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካላሳየ የመብራቱ ሥርዓት ችግር አለበት።

ከሁሉ በላይ የማምነው ፍተሻ ግን የአየር ፊልትሮውን መክፈት ነው። ፊልትሮው ራሱ ቢቆሽሽ ሥራውን ሠርቷል፣ ይቀየራል። እኔ የማየው አየሩ ተጣርቶ ወደ ሞተሩ የሚገባበትን ወገን ነው። ነጭ ጨርቅ በጣቴ ጠቅልዬ እዚያ ቦታ እጠርጋለሁ። ጨርቁ ላይ የላመ ቡናማ አቧራ ከወጣ፣ ያ አቧራ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ፒስተኑንና ቀለበቶቹን ሲሞርድ ኖሯል። ሞተሩ ዛሬ ደህና ቢመስልም ዕድሜው አጥሯል። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ሞሮኮ በረሃ ደርሶ የመጣ ቢሆንም አያስፈራኝም።

ወረቀቱም እንደ ብረቱ ይነበባል። የባለቤትነት ሰነዱ ላይ ስንት ሰው እንደያዘው ሰፍሯል፤ የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደላትና አኃዞች ስላሉት ሻንሲው ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ግድ ነው። በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ፣ በተለምዶ ቲዩፍ የምንለው፣ ሪፖርቱ ላይ ኪሎ ሜትሩን ይመዘግባል። ሻጩ የድሮዎቹን ሪፖርቶች ካስቀመጠ ቁጥሩ ወደ ኋላ መመለስ አለመመለሱ በአምስት ደቂቃ ይታወቃል። ከነጋዴ የገዛ ሰው ጉድለት ቢያገኝ ሕግ ይደግፈዋል። የግል ሻጭ ግን ይህን ኃላፊነት በውሉ ሊያስቀር ይችላል፤ ሆኖም እያወቀ የደበቀውን ጉድለት ውሉ አይሸፍንለትም። ስለዚህ ሻጩ በአፉ የነገረዎትን ውሉ ላይ ያስጽፉት። ያልተጋጨ ነው ካለ፣ ያልተጋጨ ነው ተብሎ ይጻፍ። በዚህ ጊዜ ብዕሩን የሚያዘገይ ሻጭ አጋጥሞኛል፤ እኔም አመስግኜ ወጥቻለሁ።

ዋጋ ላይ ሲደረስ ማንቋሸሽ አያስፈልግም። ሰው ለዓመታት የተንከባከበውን ንብረት ፊቱ ላይ ማራከስ ነውርም ነው፣ ኪሳራም ነው። የተገኘውን በግልጽ መናገር ይበቃል፤ ጎማው ይህን ያህል፣ ካቴናው ይህን ያህል ያስወጣኛል ብሎ ማስላት። በደንብ የተያዘው ሞተር ሳይክል ዋጋው ብዙ ካልወረደም ይግዙት። ችላ የተባለው በርካሽ ቢገዛም የቀረውን ሒሳብ ጋራዥ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ማስታወቂያ ስታዩ ኪሎ ሜትሩን መጨረሻ አንብቡት። መጀመሪያ ማን እንደያዘው፣ የት እንዳደረ፣ ምን እንደተደረገለትና ማስረጃው የት እንዳለ ጠይቁ። መልሱ ከጎደለ ቁጥሩ 5,000 ቢሆንም ተዉት። ገዝታችሁ መንዳት ስትጀምሩ ደግሞ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ፣ ደረሰኙን አኑሩ። ነገ ስትሸጡት ዋጋውን የሚያስከብርላችሁ እሱ ነው፤ ከእናንተ የሚገዛውም ሰው በምን ላይ እንደሚቀመጥ አውቆ ይሄዳል።