ስለ ሱፐርማንና ስለ ጄኔቭ ፍርድ

ለልጆች የሚሣል ታሪክ ሁሉ ተራ ጨዋታ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ልጅ በጨዋታ መካከል የቀሰመውን ነገር ሲያድግ እንደ ራሱ አሳብ አድርጎ ይይዘዋልና፣ የሥዕል ታሪክም እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ሊመረመር ይገባዋል። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ሰው የረሳውን፣ ሁለት ገጽ ብቻ የሆነውን አንድ የሱፐርማን ታሪክ አንሥተን መልካሙንና ጉድለቱን እንመልከት። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሱፐርማንን የፈጠሩት ደራሲው ጄሪ ሲግልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር፣ ከአውሮፓ የተሰደዱ አይሁዳውያን ልጆች ናቸው። ጀግናቸው በመጀመሪያ በ1938 ታተመ። ሉክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ደግሞ ሱፐርማን ጦርነቱን እንዴት ሊጨርሰው ይችል እንደ ነበር የሚያሳይ ታሪክ አሠርቷቸው በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1940 አወጣው። በዚያን ጊዜ ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት ፖላንድን ተካፍለው፣ ሶቪየት ኅብረት ደግሞ ፊንላንድን ትወጋ ነበር።

በታሪኩ ውስጥ ሱፐርማን በጀርመን ምሽግ ላይ ወርዶ የመድፎቹን አፈ ሙዝ ያጣምማል፤ ፈረንሳዮቹንም ኑ ግቡ ይላቸዋል። ሂትለርን ከተራራ ማረፊያው አንጠልጥሎ ያወጣዋል፤ ወደ ሞስኮም በርሮ ስታሊንን ከቆመበት ሰገነት ይነጥቀዋል። ከዚያም ሁለቱን ጄኔቭ ወስዶ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ያቆማቸዋል። ማኅበሩም መከላከያ የሌላቸውን አገሮች ያለ ምክንያት ወራችኋል ብሎ ይፈርድባቸዋል። ታሪኩ በዚሁ ያበቃል። የናዚዎቹ የኤስ ኤስ ጋዜጣ ይህን አይቶ ዝም አላለም፤ በአፕሪል 25 ቀን 1940 በደራሲው አይሁድነት እየተሳለቀ የስድብ መልስ ጻፈ።

በዚህ ሥራ የሚመሰገን ነገር አለ። ሱፐርማን ሁለቱን ሰዎች በእጁ አንቆ ሊገድላቸው ሲችል ወደ ዳኛ ወሰዳቸው። ጉልበት የፍርድ አገልጋይ እንጂ ራሱ ፍርድ አለመሆኑን ለልጆች በዚህ ዓይነት ማሳየት ትልቅ ትምህርት ነው።

ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛው፣ በተከሳሾቹ መቆሚያ ላይ ሙሶሊኒ የለም። ያለ ምክንያት መከላከያ ያነሰውን አገር መውረር ወንጀል ከሆነ፣ እርሱ በ1935 ኢትዮጵያን ወርሮ በመርዝ ጋዝ ሕዝብ ፈጅቷል፤ ታሪኩ በታተመበት ቀንም አገራችን በወረራ ሥር ነበረች። ደራሲዎቹ ይህን በክፋት አደረጉት አንልም፤ ዓለም የረሳውን እነርሱም ረስተው ይሆናል። ነገር ግን ሥዕል የሚናገረው በሣለው ብቻ ሳይሆን በተወውም ነው።

ሁለተኛውና የሚብሰው፣ ታሪኩ ጄኔቭ የጎደላት አንድ ጉልበተኛ ብቻ እንደ ሆነ ማስመሰሉ ነው። አባቶቻችን «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላሉ። ኢትዮጵያም ዳኛ አገኘሁ ብላ ተናግራ ነበር፤ ማኅበሩም በኦክቶበር 1935 ኢጣሊያ ጥፋተኛ ናት ብሎ ፈርዶ ነበር። ታዲያ ፍርዱ ለምን ሳይፈጸም ቀረ? በኢጣሊያ ላይ የንግድ ቅጣት ሲጣል ነዳጅ ዘይት አልተከለከለም፤ የስዌዝ ቦይም ለጦር መርከቦቿ ክፍት ሆኖ ቆየ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጁን 30 ቀን 1936 (ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.) በማኅበሩ ፊት ቀርበው አቤት ቢሉም፣ በማግሥቱ ወር ያ ቅጣት ተነሣ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ጉልበት አላጡም፤ ያጡት ስለ ሌላው ሰው መብት የራስን ጥቅም ለመጉዳት መፍቀድን ነው። እንዲህ ያለውን ጉድለት ሱፐርማን እንኳ ከሰማይ ወርዶ አይሞላውም።

አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ በ1942 የወጣው የጋዜጣ ታሪክ ከዚህኛው ይልቅ አስተዋይ ነው። በዚያ ውስጥ ሱፐርማን ተራ ሰው መስሎ ወታደር ለመሆን ሲመዘገብ፣ ዓይኑ ግድግዳ አልፎ የሚቀጥለውን ክፍል ሰሌዳ ስላነበበ በዓይን ምርመራ ወደቀ። ጦርነቱም ለተራው ሰው ቀረ። በእኛም አገር ያ አምስት ዓመት ያለፈው ጉልበተኛ ከሰማይ እስኪወርድ በተቀመጡ ሰዎች አልነበረም፤ በየዱሩ በተዋጉ አርበኞች፣ ስንቅ ባቀበሉና ምስጢር በጠበቁ ባላገሮች ነው እንጂ።

ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ብርቱ ሰው ሁሉን ነገር ብቻውን ሲፈጽም የሚያሳይ ታሪክ ስታነቡ ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ከተበደሉት መካከል ያልተሣለው ማን ነው? የቀሩትስ ሰዎች በዚያን ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና፣ በትምህርት ቤታችሁም ሆነ በመንደራችሁ ደካማ ሲበደል ብታዩ፣ ብርቱው ይምጣ ብላችሁ ሳትጠብቁ ድርሻችሁ የሆነችውን አንዲቷን ሎሚ ተሸከሙ።