ስለ ጋፋት ልሳን የተጻፈው መጽሐፍ ከቆሰበር ሲነበብ

ፕሮፌሰር ወልፍ ሌስላው በ1956 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ በፓሪስ ያሳተሙት የጋፋት ልሳን ጥናት ለሴማዊ ልሳኖች ተመራማሪ ሁሉ የታወቀ ነው። በአገው ምድር፥ በቆሰበር፥ ተቀምጦ ለሚያነበው ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም ከመጨረሻዎቹ ተናጋሪዎች አፍ የተቀዳ ቃል የልሳኑን ሕይወት ምን ያህል ይዞ ይቀራል? የሚለው ነው።

ጋፋትኛ በዐባይ ወንዝ ዙሪያ ይነገር የነበረ ልሳን ነው። ሌስላው አስቀድመው ያገኙት ግን ሰውን ሳይሆን ጽሑፍን ነበር። እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ ሳለ መኃልየ መኃልይን በአማርኛ፥ በጋፋትኛ፥ በዳሞት አገውኛና በሌሎችም ልሳኖች አስተርጕሞ ወስዶ ነበርና፥ ሌስላው የጋፋትኛውን መርምረው በ1945 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ከዚያም አገሩ ድረስ መጥተው በ1947 እ.ኤ.አ. ከብዙ ድካም በኋላ ልሳኑን የሚያውቁ አራት ሰዎች አገኙ። ዛሬ አንድም የለም።

የመጽሐፉ ብርታት በንጽጽሩ ላይ ነው። ሮበርት ሄትስሮን በ1972 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ሴማዊ ልሳኖች ሲመድቡ ጋፋትኛን ከሶዶና ከጎጎት ጋር በአንድ ወገን ማኖራቸው የዚህ ሥራ ፍሬ ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሰዋስው የቃሉን ቅርጽ ይይዛል እንጂ፥ ማን ለማን፥ ምን ጊዜ እንዳለው አይናገርም። የብሩስም ትርጕም ይህን ጉድለት አይሞላም፤ በመኃልየ መኃልይ ውስጥ የገበያ ክርክር፥ የጎረቤት ጠብ፥ የልጅ ማባበያ አይገኝምና። ለዚህ ሌስላውን መውቀስ አይገባም፤ እርሳቸው ሲደርሱ መሽቶ ነበር።

ከዚያው ከብሩስ ጥቅል የነበረው የዳሞት አገውኛ፥ ማለት አውንጊ፥ ዕድሉ ሌላ ሆነ። ዛሬም ሕዝብ ይነጋገርበታል፤ በአዊ ዞን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ይማሩበታል። የሌስላው ተማሪ የነበሩት ሄትስሮን በ1969 እ.ኤ.አ. ስለ ደቡብ አገውኛ መጽሐፍ ሲያወጡ ልሳኑ ሙሉ ነበር፤ ሆኖም እርሳቸውም የተነተኑት ግሡን ነው። መምህሩ በችግር፥ ተማሪው በምርጫ፥ ሁለቱም ከንግግሩ ይልቅ ቅርጹን ያዙ።

በቆሰበር ገበያ ሻጭና ገዢ አገውኛና አማርኛ እያፈራረቁ ሲከራከሩ፥ ከየትኛው ቃል ላይ ልሳን እንደሚለውጡ፥ ወደ አገውኛም የሚመለሱት ዋጋ ሲቈርጡ ይሁን ሲቀልዱ፥ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ሌስላው ፈልገው ያጡትን ያገኛል።