መንዙማው ከደብተሩ ይሰፋል

ስለ አማርኛ ግጥም ታሪክ በተከራከርን ቁጥር ሚዛናችን ማተሚያ ቤት ነው። የታተመውን «ሥነ ጽሑፍ» እንለዋለን፤ የቀረውን «ሥነ ቃል» ብለን እናልፈዋለን። ታዲያ የወሎን መንዙማ የት ልናደርገው ነው? በአማርኛ ተገጥሟል፣ በዐረብ ፊደል በእጅ ተጽፏል፣ በየሼሁ ቤት ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል። ቃል ብቻ እንዳንለው ጽሑፉ አለ፤ ጽሑፍ ብቻ እንዳንለው ያለ ዜማው ሙሉ አይሆንም።

ዐጀሚ የሚባለው ይህ አጻጻፍ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሐውሳዎችም ፉላኒዎችም ግጥማቸውን እንዲሁ አቆይተዋል። በእኛ አገር ከታወቁት ባለመንዙማዎች አንዱ ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ናቸው (ከ1853 ገደማ እስከ 1936 እ.ኤ.አ.)። ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ክርስትና ተነሣ ሲሉት እምቢ ካሉት መሪዎች መካከል ነበሩ። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አህመድ በ1989 እ.ኤ.አ. ስለ ሕይወታቸው ጽፈዋል። የእኛ ጉዳይ ግን ግጥሙ ነው፤ በአማርኛ በመገጠሙ ዐረብኛ የማያውቀው ገበሬም ተቀባይ ሆነ።

ሮቢት ላይ አንድ ሐድራ ታድመን ነበር። ቡናው ፈልቶ፣ ጫቱ ተመርቆ ሲያበቃ አንድ ሼህ ደብተራቸውን ገለጡ። ከመካከላችን ቁርአን የቀራው ልጅ ጎንበስ ብሎ አንዲት ቃል «ኑር» ሲል አነበበ፤ ብርሃን ማለቱ ነው። ሼሁ ሳቁ። «አብሽር ልጄ፣ ኖር ነው፤ እንግዳ ሲገባ እንደምንለው» አሉት።

ልጁ ፊደሉን አልሳተም። አማርኛ ሰባት አናባቢ ሲኖረው የዐረብኛው ምልክት ሦስት ነውና «ኑ»ም «ኖ»ም አንድ ዓይነት ሊጻፉ ይችላሉ። እሱ ዐረብኛ አየ፤ ሼሁ አማርኛ ሰሙ። ልብ ብለን ስናይማ፣ ሼሁ ደብተሩን ይግለጡት እንጂ ዐይናቸው ከተቀባዮቹ ላይ አይነሳም። ደብተሩ ያስታውሳል እንጂ ብቻውን አያስተምርም። ቤቱን የሚለካው ድቤውና ጭብጨባው ነው፤ ተቀባዩ ሲስት አውራጁ ይመልሰዋል።

አንዳንዱ «ይህ ሃይማኖት እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም» ይለናል። ድጓስ ምንድን ነው? እሱንም ቢሆን በምልክቱ ብቻ የሚያዜመው የለም፤ የመሪጌታው ድምፅ ያስፈልጋል። ለድጓውና ለቅኔው የምንሰጠውን ክብር ለመንዙማው ከነፈግነው ሚዛናችን ተንጋዷል ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ «በግዕዝ ፊደል ገልብጠን እናሳትመውና እንገላገል» ይላል። የምንፈራው ይህንን ነው። ገልባጩ ብቻውን ከተቀመጠ ከሁለት ንባብ አንዱን በግምት ይመርጣል፤ ስሕተቱም ታትሞ ይጸናል። በሌላ በኩል ደብተሩ ቢተርፍም የሚያወርደው ሽማግሌ ካለፈ ግማሹ ጠፋ።

ስለዚህ መንዙማ ይጠና ከተባለ ደብተሩ፣ ሼሁና ተቀባዩ አብረው ይጠኑ። ገልባጭ ከአውራጅ ጎን ይቀመጥ፤ የሚያጠራጥረው ቃል ሁሉ ይጠየቅ፣ ዜማውም ይቀዳ። ሮቢት ሩቅ አይደለችም፤ ክረምት ወደ ራያ የምንወርድ ልጆች እንጀምረው።