ቁጥር ያልያዘው ተጫዋች፤ ስለ አንድ የቅርጫት ኳስ ጽሑፍ የቀረበ ሂስ

አሜሪካዊው ጸሐፊ ማይክል ሉዊስ በየካቲት 2009 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን) በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ስለ ሼን ባቲየር ያወጣው ጽሑፍ፣ ዋጋው ያልታወቀለት ተጫዋች እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ከሚያስረዱት ካነበብናቸው ሁሉ ይበልጥ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ደራሲው ሳይጠይቀው ያለፈው አንድ ጥያቄ አለ፤ የዚህ ሂስ ዓላማም ይህንኑ ማንሣት ነው።

የሂዩስተን ሮኬትስ ቡድን ባቲየርን ከሜምፊስ የወሰደው በ2006 ነው። ባቲየር ብዙ ነጥብ አያገባም፤ ከቅርጫቱ ነጥሮ የሚመለሰውንም ኳስ እምብዛም አይለቅምም። ነገር ግን የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ዳሪል ሞሪና ረዳቶቹ እርሱ በሜዳ ላይ ሳለ ያለውን የነጥብ ብልጫ፣ እርሱ ሲወጣ ካለው ጋር ሲያስተያዩት፣ ጓደኞቹ ከእርሱ ጋር ሲሆኑ የሚሻሉ፣ ባላጋራዎቹም የሚደክሙ ሆነው አገኟቸው። ኮቢ ብራያንትን ሲጠብቅ ኳሱን ለመንጠቅ አይቸኩልም፤ ብራያንት አዘውትሮ ወደሚስትበት ስፍራ ይገፋዋል፤ ሲወረውርም እጁን ከዓይኑ ፊት ይዘረጋል። ይህ ሥራ በተለመደው የጨዋታ መዝገብ አይጻፍም። ሉዊስ ይህን ክፍል የጻፈበት አኳኋን በእውነት የሚያስቀና ነው።

ቅሬታችን ሌላ ነው። ባቲየር ከየት መጣ? በ2001 የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ከሆነው ከዱክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት ምርጫ ስድስተኛ ሆኖ የተወሰደ ሰው ነው። ዋጋው ዝቅ ብሎ ተገመተ እንጂ ከገበያው አልጠፋም። የጫካ ቡናውን ለቅሞ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ የሸጠ የካፋ ገበሬ ይህን ሳንነግረው ያውቀዋል፤ ቀማሽ የሚፈርደው በፊቱ በቀረበው ሲኒ ብቻ ነው። የሞሪም ዘዴ በዓመት 82 ጨዋታ፣ በእያንዳንዱም 48 ደቂቃ የሚቆጠርበት ሊግ ይፈልጋል።

እኛም ዘዴውን ባለፈው ክረምት በካፋ፣ በቢታ ገነት ሞክረነው ነበር። ልጆቹ በግንድ ላይ በተቸነከረ የብረት ቀለበት ሲጫወቱ፣ ማን ሲገባ ምን ያህል ነጥብ እንደሚቆጠር በደብተር ጻፍን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩ ምንም አላስረዳንም። አምስቱ ወዳጆች ምንጊዜም አብረው ስለሚገቡ የአንዱን ድርሻ ከሌላው መለየት አይቻልም፤ አንዱ ከብት ሊያስገባ ሲጠራ ጨዋታው በአራት ይቀጥላል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይበተናል። የካፋን ክረምት የሚያውቅ ይረዳናል፤ በጭቃ ላይ ኳስ አይነጥርም።

ኳስ በማይነጥርበት ስፍራ ደግሞ ማቀበል ግድ ነው። ከልጆቹ አንዱ፣ ቁመቱ አጭር የሆነ፣ ነጥብም የማያገባ፣ ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ ተቀባዩን በስሙ ይጠራ ነበር፤ እርሱ በሌለበት ቀን የቀሩት እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ይህን ያየነው በዓይናችን እንጂ በደብተራችን አይደለም። እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቡድን ሲመረጥ ተማሪው በቁመት ይሰለፍ ነበር፤ እንዲህ ያለው ልጅ ከሰልፉ ጫፍ ይሰናበታል። ከተሰናበቱት መካከል እኛም ስለነበርንበት ፍርዳችን ከአድልዎ የጠራ ነው አንልም።

ታዲያ ቁጥር በሌለበት አገር ማን ይፈልግ? በሩጫ በኩል በቆጂ መልስ ሰጥታለች። የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ልጆቹን በሜዳቸው ላይ እያዩ በማሠልጠናቸው፣ በ1992 በባርሴሎና 10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ ከዚያም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያች ከተማ ወጥተዋል። ግን በሯጭ ላይ ሰዓት ይፈርዳል፤ ሯጭ ለብቻው ይለካል። ኳስ አቀባይ ያለ ተቀባዩ አይለካም፤ ስለዚህ የበቆጂ ምሳሌ እስከ መንገዱ እኩሌታ ብቻ ያደርሰናል።

በሚመጣው ክረምት ወደ ቢታ ገነት ደብተራችንን ይዘን እንመለሳለን፤ የምንጽፈው ግን ነጥቡን ሳይሆን ኳሱ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ነው።