ከምጣድ አጠገብ የሚያድር ዘር

ኮባ ከዘር ሲበቅል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከጣልኩት በኋላ ነው።

2007 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ ጓደኛዬ ከቦንጋ ሲመለስ በጋዜጣ የጠቀለለውን አርባ የዱር እንሰት ዘር አመጣልኝ፤ ኮባ የምንለው ይህንኑ እንሰት ነው። ትልቅ ባቄላ ያህላል፤ ጥቁር ነው፤ ጎኑ እዚህም እዚያም የተጨፈለቀ፣ በአንድ በኩል እንደ እምብርት ጎድጎድ ያለ። በጥርሴ ልሞክረው ብል ጥርሴን አሳዘነኝ። ለብ ባለ ውሃ ሁለት ቀን ዘፈዘፍኩት፣ አሸዋና ኮምፖስት በቀላቀልኩበት ሣጥን ዘራሁት፣ ከዳሱ ሥር ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት። ችግኝ ሲባል ጥላ ነው የተማርነው። በየሳምንቱም በጣቴ እየቆፈርኩ አየዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ያው ጥቁር ጠጠር። ሚያዝያ ላይ ተናድጄ ሣጥኑን እንዳለ ፍግ ክምር ላይ ገለበጥኩት።

ሰኔ ላይ ክምሩን በአካፋ ላገላብጥ ስል እንደ ትንባሆ የተጠቀለለ አረንጓዴ ጫፍ አየሁ። አጠገቡ ሌላ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ።

የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ፍግ ክምር ቀን ከፀሐዩም ከውስጡም ይሞቃል፤ ሌሊት የአዲስ አበባ ብርድ ላዩን ያቀዘቅዘዋል። የእኔ ሣጥን ግን ጥላ ውስጥ ቀንም ሌትም አንድ ዓይነት ብርድ ነበር። የእንሰት ዘመድ በሆነው በዱር ሙዝ ዘር ላይ የተሠሩ ሙከራዎችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ዘሩን የሚቀሰቅሰው ሙቀት ብቻ ሳይሆን የሙቀትና የቅዝቃዜ መፈራረቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ሣጥኔ ቀን ቆርቆሮ ላይ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይውላል፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቀንና ደመና በሆነ ጊዜ ወጥ ቤት ገብቶ ከምጣዱ አጠገብ ይቀመጣል። ባለቤቴ ስለዚህ ጉዳይ የራሷ አስተያየት አላት።

እምብርቱን ልብ በሉ። ከጎድጓዳው ሥር ትንሽ ክዳን አለች፤ ቡቃያው የሚወጣው እሷን ገፍቶ ነው። አንዳንዱ ዘሩን በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። እኔም አደርገዋለሁ፤ ግን በተቃራኒው ጎን፣ ጥቁሩ ሳስቶ ቡናማ እስኪል ብቻ። እምብርቱን የነካ ሰው በሩን ሰብሮ ባለቤቱን ገድሏል። የፍሬው ሥጋም ዘሩ ላይ ተጣብቆ አይቅር፤ ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል። አመድ ነስንሼ እያሸሁ አጥበዋለሁ። ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ አንዱ በወሩ፣ ሌላው በስድስት ወሩ ይወጣል። ከአንድ ፍሬ የወጡ ሁለት ዘሮች እንኳ አብረው አይነሡም።

ለጌጥ ብሎ ኮባ የሚተክል ሰው ከዘር ለምን ይደክማል? ደቡብ ውስጥ እንሰት የሚተክሉ ገበሬዎች ዘር አይጠብቁም። ከአምቾው፣ ማለትም ከሥሩ ካበጠው ክፍል፣ መሐል ለጋውን አውጥተው አምቾውን በአፈር ይቀብሩታል፤ ከዙሪያው ብዙ ችግኝ ይፈላል፣ ሁሉም እናቱን ይመስላል። ለቆጮና ለቡላ የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ ዓይነቱ የታወቀ፣ አያት ያወረሰው። ከዘር የመጣው ግን ማንን እንደሚመስል አይታወቅም። ከእኔ አሥራ አንዶች ሰባቱ ተራ አረንጓዴ ሆኑ። ሦስቱ የቅጠላቸው አከርካሪ ከሥር በኩል የበሰለ ቃሪያ ቀለም ነበረው። አንዷ ግን ግንዷ ላይ ወይን ጠጅ ፈሶባት የተወለደች ትመስል ነበር። ችግኝ የሚገዙኝ ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ ቀዩን ነው፤ እኔም አረንጓዴዎቹን ሸጬ እሷን ግቢዬ አስቀረሁ።

ኮባ ሦስተኛ ቅጠል ስታወጣ ከሣጥን ወደ ላስቲክ፣ ክረምቱ ሲገባ ወደ መሬት። ጉድጓዱ ሰፊ፣ ፍጉ የበሰለ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለም፤ ኮባ በልቶ አይጠግብም። ሆዷን ግን ነጻ ልቀቁላት። የዚህ ተክል ሳይንሳዊ ስም ሁለተኛው ቃል ቬንትሪኮሱም ነው፤ ቦርጫም፣ ሆዱ የተነፋ እንደማለት ነው። ሥሯ እንደ እንስራ ካላበጠች ጌጥነቷ ግማሽ ነው፤ ጠባብ ማሰሮ ውስጥ የምትቀር ኮባ ሁሌም ልጅ ናት።

ጠላቷ ብዙ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ቅጠሏን ያቃጥላል፣ በረዶ ይበሳሳታል፣ ፍልፈል ከሥር ይበላታል። ከሁሉ የምፈራው ግን አጠውልግ በሽታን ነው። መድኃኒት የለውም፤ ከታመመች ወደ ደህናዋ የሚያሻግረው የእኛው ቢላዋ ነው። እኔ ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ስሄድ ቢላዬን በእሳት አሳልፋለሁ።

የቢላዋ ነገር ከተነሣ፣ ጎረቤቴ እማማ አሉ። በየበዓሉ ዋዜማ በአጥር ብቅ ይላሉ።

«ልጄ፣ ሁለት ቅጠል ብቻ። ድፎው በምን ይጋገር?»

«እማማ፣ ይቺ ለጌጥ ናት።»

«ጌጥማ ዳቦው ላይ ነው የሚታየው።»

ምን ይባላል? ቢላዬን በእሳት አሳልፌ ከታች ያረጁትን ሁለቱን እሰጣቸዋለሁ። በማግሥቱ የዳቦ ቁራሽ ይመጣል፤ ቅርፊቱ ላይ የቅጠሌ ጅማት ታትሞ።

ሲያትል ያለችው እህቴ ይህን ስነግራት ትስቃለች። እሷ እዚያ «የአቢሲኒያ ሙዝ» የሚል ካርድ የተንጠለጠለበት ቀይ ኮባ በዶላር ገዝታለች። መከር ሲሆን ከመሬት ነቅላ፣ ቅጠሉን ቆርጣ፣ አምቾውን ጋራዥ ውስጥ ታሳድረዋለች። ስሙ ውስጥ ሙዝ መግባቱ የቆየ ክርክር አለው። ጎንደር ድረስ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንሰትን በሥዕል አሳይቶ፣ ይህ ሙዝ አይደለም ብሎ ጽፏል። ሰሚ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1853 ምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ለኪው የእጽዋት ማዕከል «አንሰት» ይባላል ብሎ ዘር ልኮ ነበር፤ የተቀበሉት ሰዎች ያንን ጥቁር ጠጠር አይተው ስለማያውቁ ከብሩስ ተክል ጋር አላገናኙትም፤ ነገሩ የገባቸው በቅሎ ከረዘመ በኋላ ነው። ያም ሆኖ ከሙዝ ወገን ተቆጥሮ ኖረ፤ ቺስማን የተባለ የእጽዋት ተመራማሪ እንሰትን ራሱን የቻለ ወገን አድርጎ የመለሰው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ይህን ሳነብ ሣጥኔን የገለበጥኩበት ቀን ትዝ አለኝና ትንሽ ተጽናናሁ።

ቀይዋ በሰባተኛ ዓመቷ ቅጠል ማሳነስ ጀመረች። እንደ ጃንጥላ ይዘረጋ የነበረው እያጠረ፣ እየተጠጋጋ መጣ። ምልክቱ ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ ግንድ የምንለው ነገር ግንድ አልነበረም፤ እርስ በርሱ የተቃቀፈ የቅጠል እግር ነው። እውነተኛው ግንድ አምቾው ውስጥ ተሸሽጎ ይኖርና አበባ ተሸክሞ በመሐል ይወጣል። አንድ ጠዋት አናቷ ላይ ከሰው ጭንቅላት የሚበልጥ ጥቁር ቀይ እንቡጥ አየሁ። በሳምንታት ውስጥ ቁልቁል ተንጠለጠለ፤ ሽፋኑ አንድ በአንድ ሲነሣ ከሥሩ ክሬም ቀለም ያላቸው አበቦች ተደርድረው ይታያሉ፣ ንብ ይረባረባል። ፍሬ የሚይዙት መጀመሪያ የሚገለጡት፣ ወደ እናትየው የቀረቡት ናቸው፤ ወደ ጫፍ ያሉት ወንዴ ናቸው።

አብሮኝ የሚሠራው የጉራጌ ልጅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲያያት ቆየ። «ጋሼ፣ እኛ ቤት ቢሆን ይሄኔ ተፍቃ ቆጮ ሆናለች» አለኝ። ልክ ነው፤ አበባው አምቾው ውስጥ የተከማቸውን ምግብ ይጨርሰዋል፣ ስለዚህ እንሰት የሚበላ ሰው አበባው ላይ አያደርስም። አፍርታም አትተርፍም፤ አንዴ ነው የምታፈራው። እሱ ይህን እያወቀ የሚያየው ምግብ ሲባክን ነው። እኔ ደግሞ የማየው የሰባት ዓመት ወረፋዬ መድረሱን ነበር። ሁለታችንም ዝም ብለን ወደ ሥራችን ሄድን።

ፍሬዎቹ ወራት ወስደው እንደ አጫጭር ሙዝ ወፈሩ፣ ቢጫ ሆኑ። አንዱን ላጥኩት፤ ቀጭን ብርቱካናማ ሥጋ፣ የቀረው ሁሉ ዘር። ቀምሼዋለሁ፣ ትንሽ ይጣፍጣል፤ ግን አንድ ጉርሻ ለማግኘት አምስት ጠጠር መትፋት አለ። ከታች ያሉትን ወፎች ቀደሙኝ። እሷ በበኩሏ ቅጠሏ ደርቆ፣ ሆዷ ጎድሎ፣ በሚቀጥለው ክረምት በራሷ ጊዜ ወደቀች። እማማ ደረቁን ቅጠል ለማገዶ ወሰዱት።

አመድ ነስንሼ ያጠብኩት ዘር መቶ ስልሳ ሁለት ሆነ። ስንቱ ቀይ እንደሚሆን ገና ነው፤ አባቱን ንብ እንጂ እኔ አላውቀውም። ሣጥኑ አሁን ወጥ ቤት ነው፤ ባለቤቴ ዛሬም ሊጥ ልታስቀምጥ ብላ በእግሯ ገፋ አድርጋዋለች። ስልሳ አንደኛ ቀኑ ነው። አልቆፈርኩም።