«ደረጃ 5 እናጸዳለን» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

የክሊንሩም ጽዳት ድርጅቶች ማስታወቂያ ላይ «አይ ኤስ ኦ ደረጃ 5» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ አትቸኩሉ። ያስደምማል፤ ድርጅት ለመምረጥ ግን ብዙም አይረዳም። ደረጃው የሚሰጠው ለክፍሉ አየር እንጂ ለአጽጂው አይደለም። በአይ ኤስ ኦ 14644-1 መሠረት ደረጃ 5 ማለት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 0.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ብናኞች ከ3,520 አይበልጡም ማለት ነው። ይህን ቁጥር በዋናነት የሚጠብቀው የአየር ማጣሪያው ነው። ወለልና ግድግዳ ላይ የተጣበቀውንማ ቁጥሩ አይነግራችሁም፤ ለእሱ 14644-9 የሚባል ሌላ መስፈርት አለ። ደግሞ መደበኛው ቆጣሪ የጨርቅ ብናኝና ሕያው ባክቴሪያ አይለይም፣ ሁለቱንም «አንድ» ብሎ ነው የሚቆጥረው።

ክፍሉ መርፌ መድኃኒት የሚሞላበት ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። 70 በመቶ አልኮል ብዙ ባክቴሪያ ይገድላል፤ ስፖር ላይ ግን አቅም የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት አኔክስ 1 ከአንድ ዓይነት በላይ ፀረ ተህዋሲያን እንዲኖር፣ ስፖር ገዳይም በየጊዜው እንዲጨመር የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

እኔ መራጭ ብሆን ስለ ደረጃ አልጠይቅም። ስፖር ገዳያችሁ የትኛው ነው? ወለሉ ላይ ስንት ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆያል? ጨርቁስ ስንት ካሬ ሜትር ከጠረገ በኋላ ይቀየራል? መድኃኒቱ ቶሎ ከደረቀ ሥራውን ሳይጨርስ ቀረ ማለት ነው። ጨረታው በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ ሲወሰን ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጡት እነዚሁ ደቂቃዎች እንዳይሆኑ ያሰጋኛል፤ ወለሉ እንደሆነ ያው ያብረቀርቃል።